ከቀበና ድልድይ እስከ አቤ ሐይቅ፦ ስለ አፋር ጉዞ ያነሣሁት ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

በጥር 2018 መጀመሪያ እዚህ መድረክ ላይ ስለ አፋር ጉዞ አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አራት መልስ ተጻፈበት። ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች የሚያነብበት ጊዜ አይኖረውም፤ አንዳንዶቹ መልሶች ደግሞ ሐሳቤን ከሥሩ ስለለወጡት እንዲሁ ተቀብረው እንዲቀሩ አልፈልግም። ስለዚህ በየተራ ቁጥራቸው እየጠቀስኩ በራሴ አነጋገር እተርካቸዋለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምኖረው ቀበና፣ የምሠራው አምባሳደር አካባቢ ነው። ሦስት ጓደኛሞች መኪና ተከራይተን በየካቲት መጀመሪያ ወደ አፋር ልንሄድ አስበናል። ያለን አምስት ቀን ነው። ኤርታ አሌንና ዳሎልን ማየት እንፈልጋለን። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለው ግን ባዶ ሜዳ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ነድተን ብናልፈው ምን ይመስላችኋል? በዚያውም መንገድ ላይ የሜዳ አህያ ካየን ምርቃት ነው አልኩ። ባዶ ሜዳ የሚለውን ቃል ብዙም ሳላስብበት ነበር የጻፍኩት። ውይይቱ ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ቃል ይመለስ ነበር።

1ኛው መልስ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ጸሐፊው መልካም መንገድ ተመኝተውልን ጊዜውን በደንብ እንደመረጥን ነገሩን። ከጥቅምት እስከ የካቲት በረሃው እንደሚቻል፣ ከመጋቢት ወዲያ ሙቀቱ እየጠነከረ እንደሚሄድ፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ አፋሮች ሐጋይ የሚሉት የሚያነድ ወቅት እንደሚገባ አስረዱ። የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ወደ 34 ዲግሪ እንደሆነ ጠቅሰው፣ አማካይ ማለት ሌሊቱም ቀኑም፣ ቀዝቃዛው ወርም ሞቃቱም ወር ተደምሮ መሆኑን እንድናስተውል አሳሰቡ።

2ኛው መልስ ሰጪ በጅቡቲ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ አሁን ካዛንቺስ አካባቢ የሚኖር ሾፌር ነው። በሌሊት መንዳትን ጨርሶ ተቃወመ። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለሰው በዚያ አንድ መስመር ስለሆነ፣ ከፊት የሚመጣው የከባድ መኪና መብራት ዓይን ያጠፋል አለ። ግመል አስፋልት ላይ ከቆመ ጡሩምባ አያስነሣውም፤ ፍየል ደግሞ አንዷ ከተሻገረች የቀሩት ተከትለው ስለሚገቡ፣ የመጀመሪያዋ አለፈች ብሎ ነዳጅ መርገጥ ትልቅ ስህተት ነው። የሰው ከብት ገጭቶ መሸሽ ደግሞ ነውርም አደጋም ነው፤ ቆሞ ባለቤቱን መጠበቅና መካስ ይገባል። እርሱ ቢሆን ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ረፋዱን አዋሽ ደርሶ፣ የቀኑን ግለት ጥላ ሥር ያሳልፈው ነበር። የጎማ ነገርንም አነሣ። አስፋልቱ ሲግል በጎማ ውስጥ ያለው አየር ስለሚነፋ፣ ጎማውን በጠዋቱ ብርድ ለክቶ መነሣት እንጂ በየፌርማታው አየር ማስተንፈስ እንደማይገባ በዝርዝር ጻፈ። ከሁሉም መልሶች ወደ ማስታወሻዬ በቅድሚያ የገለበጥኩት ይህን ነው።

3ኛዋ አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ የምታስተምር ሴት ናት። እርማቷ ትሕትና ቢኖረውም ቀጥ ያለ ነበር። የሜዳ አህያና የዱር አህያ የተለያዩ እንስሳት መሆናቸውን ብዙ የአዲስ አበባ ሰው አይለይም አለች፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የሜዳ አህያ መስመር ያለው ነው። በሃላይደጌ ሜዳ የሚገኘው የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል፤ በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው። መስመሮቹ ቀጭንና የተጠጋጉ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጆሮዎቹ ሰፊና ክብ ናቸው። ስሙም የመጣው በ1880ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከኢትዮጵያ አንድ እንስሳ በስጦታ ከተላከለት ከፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ከዡል ግሬቪ ነው። የዱር አህያ ደግሞ ግራጫ ነው፤ ጥቁር መስመር ያለው እግሮቹ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ የቀረው በአፋርና በኤርትራ ደንከል ውስጥ በጣም ጥቂት ነው፤ በገዋኔና በሚሌ መካከል ያለው የያንጉዲ ራሳ ፓርክ የታሰበውም በዋናነት ለእርሱ ነበር። ከዚያ መምህርቷ አንድ ነገር ጨመረች፦ መርካቶ ውስጥ ጭነት ተሸክሞ በመኪና መካከል የሚሽሎከለከው አህያ ዘሩ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። እኔ ባዶ ሜዳ ያልኩት ቦታ የዚያ ዘር የመጨረሻ መጠጊያ ነው ማለቷ ነበር። በነጋታው ወደ ሥራ ስሄድ ጤፍ የተጫነ አህያ ሳይ ቆሜ ቀረሁ።

4ኛው ከመምህርቷ ጋር ተስማምቶ የአዋሽ ፓርክን ጨመረበት። ፓርኩ ከአዲስ አበባ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ቀንዱ እንደ ጦር የቀና ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ እንሹና አምበራይሌ ይታያሉ፤ ወንዱም ሴቷም ሳላ ቀንድ አላቸው። የወደድኩት ግን ስለ ሳላ ሰውነት የጻፈውን ነው። ሳላ ውሃ እንዳያባክን ላብ ማውጣቱን ያዘገያል፤ የሰውነቱን ሙቀት እኛን በሚገድል ደረጃ ከፍ አድርጎ ይውልና ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ አየሩ ይለቀዋል። ይህ ሰው አንድ ንጋት ላይ ከአንድ ሳላ ጋር ሃምሳ እርምጃ ያህል ተራርቀው ፊት ለፊት እንደተያዩ፣ እንስሳው ጆሮውን ብቻ እያዞረ ለረጅም ጊዜ ፈዞ እንደቆመ ጽፏል። ሰዓቱን ማየት ረስቶት ነበር።

በ5ኛው መልስ ደግሞ ከመነሣታችን በፊት ብሔራዊ ሙዚየምን እንድናይ ተመከርን። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ሃዳር ላይ፣ በዚያው በአዋሽ ሸለቆ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ የተገኘው አጥንቷ ወደ 40 በመቶ ነው። መስታወት ውስጥ የሚታየው ቅጂዋ ቢሆንም፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም እንደማያልፍ ፊት ለፊት ቆሞ ማየት ከመንገዱ በፊት ልብ ያዘጋጃል ተባልን። 6ኛው ስለ መኪና ኪራይ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ አለፈ።

ነገሩ የከረረው በ7ኛው ነው። አንድ ሰው መንደሮች ውስጥ ባትቆሙ ይሻላል፤ የዚያ አገር ሰው ጩቤውን ከወገቡ አይለይም፤ ነዳጃችሁን ሞልታችሁ ሰመራ ድረስ ብትገሰግሱ ይበጃችኋል አለ። የሚያውቀው ከወሬ መሆኑን አልሸሸገም። ያም ሆኖ ሃያ አምስት ሰዎች ደግፈውታል።

8ኛውን መልስ የጻፈው ሎግያ ተወልዶ ያደገ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት የሚሠራ ሰው ነው። ቃሉ ስለት ነበረው፤ እኔም አልፈርድበትም። አዲስ አበባ በኖረባቸው ዘጠኝ ዓመታት ይህንኑ ስንት ጊዜ እንደሰማ ለ7ኛው ሰው ነገረው። ጊሌው ለአፋር ወንድ የልብሱ አካል ነው፤ በደጋ ገበሬ ትከሻ ላይ ዱላ አይቶ የሚሸሽ መንገደኛ እንዳለ ጠየቀው። ከዚያ ስለ ዳጉ ጻፈ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ተሳስመው፣ ቁጭ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? ማን ታመመ? የማን ግመል ጠፋች? መንገድ ላይ ያለው እንግዳ ማን ነው? ያልተጣራ ወሬ ማቀበል በባህሉ ያስጠይቃል። እናም እኛ በሌሊት ተደብቀን ብናልፍ እንኳ፣ መኪናችን ሚሌ ሳትደርስ ወሬዋ ሚሌ ገብቷል። እንግዳ የሚጠበቀውም በዚሁ ነው፦ ማን እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ሰው ቢቸገር የሚደርስለት አለ፤ ራሱን የደበቀውን ማንም አያውቀውም።

የእናቱን ቤት የገለጸበትን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ደቦይታ የሚባለውን ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እናቱ ቀጫጭን እንጨቶችን በጉልበቷ ደግፋ እያጎበጠች መሬት ላይ ትተክላለች፤ ከላይ ታስራቸዋለች፤ ከዘንባባ ቅጠል የሰፋችውን ሰሌን ደራርባ ታለብሰዋለች። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሰሌኑን ዝቅ፣ በማይመጣበት በኩል ከፍ ታደርገዋለች። ሰሌኑ ከውስጥ ሆኖ ሲታይ ፀሐይዋ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ትሆናለች። ግጦሽ ሲያልቅ ቤቱ ፈርሶ ግመል ላይ ይጫናል፤ እንጨቶቹ ከግመሉ ግራና ቀኝ ጎብጠው ሲሄዱ ከሩቅ የጀልባ አጥንት ይመስላሉ። አንድ ሰው እናቱ ቤት በር ላይ ቆሞ እዚህ ምንም የለም ቢለው ምን እንደሚሰማው እንዳስብ ጠየቀኝ። ይህ የተጻፈው ለ7ኛው ሰው ሳይሆን ለእኔ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ 9ኛው መልስ ያ ነው።

7ኛው ሰው በ10ኛው ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ያሰበው ለደኅንነታችን መሆኑን ብቻ ገለጸ። የመድረኩ ኃላፊ በ11ኛው ሰው በሰውነቱ እንጂ በትውልድ ቦታው እንዳይመዘን አሳስቦ ክርክሩን ዘጋ።

ከ12ኛው እስከ 15ኛው ወሬው ሐዲድ ላይ ወጣ። ጋሼ ብለን የምንጠራቸው አንድ የመድረኩ አንጋፋ፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ከለገሃር ተሳፍረው አዋሽ ጣቢያ የወረዱበትን ቀን አስታወሱ። ባቡሩ ገና ሳይቆም የፍልውሃውና የበረሃው ትኩስ አየር በመስኮት መግባቱን፣ በጣቢያው ግቢ የተተከሉት ባለ ሐምራዊ አበባ ተክሎች በዚያ ሙቀት መፍካታቸው እንዳስገረማቸው ጻፉ። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሌላዋ በአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰመራ መድረስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ጋሼም ያ ባቡር በአዋሽ አድርጎ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ እንደሚሄድ፣ ወደ ሰመራ የሚወስደው መኪናና አውሮፕላን ብቻ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዷት። ከርዕስ የወጣ ነው ብሎ የተቆጣ ነበር፤ እኔ ግን ጋሼ ይጻፉ ባይ ነኝ።

16ኛው ወደ ምድሩ መለሰን። ሦስት የምድር ቅርፊቶች፣ የአፍሪካው፣ የሶማሌውና የዓረቢያው፣ የሚለያዩት አፋር ላይ መሆኑን ጠቅሶ፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ እንደተከፈተ፣ መሬቱም በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር እንደተራራቀ አስታወሰ። 17ኛዋ ስታዲየም አካባቢ ስምንተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ናት። በታኅሣሥ 2017 ፈንታሌ አካባቢ ይነሣ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አልጋዋን ሲያወዛውዘው ልጆቿን ይዛ ደረጃ እንደወረደች፣ ግቢ ውስጥ ነጠላ ተከናንበው የቆሙት ጎረቤቶቿ ሁሉ ስለ ሕንፃው ሲያወሩ ማንም አዋሽ ፈንታሌ ላይ ስላለው ሰው አለመጠየቁን ጻፈች። እዚያ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወጥቶ ነበር። እኔም ያን ሌሊት የመጽሐፍ መደርደሪያዬ መስታወት ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ። የጠየቅሁት ስለ ቀበና ብቻ ነበር።

18ኛው የግመል ወተት ቢቀርብልን ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀ። እርሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ በቤታቸው ግመል አይነካም። የሎግያው ልጅ በ19ኛው የመለሰለት ለስላሳ በሆነ ቃል ነው። ወተቱ የሚመጣው በጢስ በታጠነ ዕቃ ነው፤ ሽታውን ያልለመደ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል፤ የሚያስቀይመውም ያ ፊት ነው እንጂ እምቢታው አይደለም። ዕቃውን በሁለት እጅ ተቀብሎ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ በአክብሮት መመለስ ይበቃል፤ ጾምን የሚያውቅ ሕዝብ የሌላውን ጾም ይረዳል። ጠያቂው አመሰገነ። ከውይይቱ ሁሉ ልብ የሚያሳርፈው ቦታ ይህ ነበር።

20ኛዋ ፒያሳ ሱቅ ያላት ሴት ናት። በየቀኑ የምትሸጠው ጨው ከአፍዴራ እንደሚመጣ፣ እዚያ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለው ሐይቅ ዳር ውሃው በየገንዳው እየተነጠፈ በፀሐይ እንደሚደርቅ ነገረችን። አያቷ ጓዳ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሞሌ ነበረ። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሶ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የመጥረቢያ ምልክት ነበረበት፤ አያቷ ለላሟ በመዶሻ እየሸረፉ ያልሷት ነበር። አሞሌ በዘመኑ ገንዘብ እንደነበረ ሁላችንም ተምረናል። እርሷ ግን ያን የመጥረቢያ ምልክት ያሳረፈው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቃ እንደማታውቅ ጻፈች።

መልሱን በ21ኛው ያገኘችው አሳሌ ሐይቅ ከደረሰ ሰው ነው። እዚያ ጨዋማውን ንጣፍ በእንጨት ፈንቅለው የሚያነሡት አሉ፤ እየጠረቡ እኩል ቅርጽ የሚያስይዙት ሌሎች ናቸው፤ በግመልና በአህያ ጭነው የሚሄዱት ደግሞ ሌሎች። ትግሬውና አፋሩ ከጥንት ጀምሮ ሥራውን ተከፋፍለው አብረው ይሠሩታል። ይህ ሰው ካሜራውን አውጥቶ አንድ ጨው ጠራቢ ፊት ሲደቅን፣ ሰውየው መጥረቢያውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየው። እጁ በጨው ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ ነጭ መስመር ይታይ ነበር። ያን ፎቶ አላነሣውም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ስም፣ ካሜራ በመጨረሻ፤ ያውም ከተፈቀደ ብሎ መከረን።

የውይይቱ ልብ 22ኛው መልስ ነው፤ ለእኔ እንዲያ ነው። ጸሐፊው ጎረቤቴ ሳይሆን አይቀርም፤ ከቀበና ድልድይ ብዙ እንደማይርቅ ገልጿል። ወደ አፋር የሚሄደው መንገድ ከድልድያችን ሥር ይጀምራል አለ። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ወርዶ፣ ከሌሎቹ የከተማዋ ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ አቃቂ ይሆናል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ አረፍ ብሎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ራሱ ከጊንጪ በኩል ከደጋው ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። በቆቃ፣ በመተሐራ፣ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ አልፎ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ በፀሐይ ይተናል። እኛ ድልድዩ ላይ ቆመን የምንጥለው ላስቲክ ሁሉ መንገዱ ወደዚያ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአገሩ ሌጋሲዮን ግቢ መሆኑንም ጨመረ፤ በ1933 እና በ1934 አዋሽን ተከትሎ፣ በአውሳው ሱልጣን ፈቃድ፣ ወንዙ የሚያልቅበትን ቦታ አይቷል።

23ኛው በቁጣ ተቃወመ። በመካከል ቆቃ አለ፤ ከዚያ በታች ስኳሩና ጥጡ ውሃውን ይጠጣዋል፤ የቀበና ጠብታ አሳይታ ይደርሳል ማለት ተረት ነው ብሎ፣ 22ኛውን በስሜት ይነዳል ሲል ከሰሰው። 24ኛው የውሃ ባለሙያ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለሁለቱም ድርሻቸውን ሰጡ። ቆቃ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃውን እንደሚያቆር፣ በበጋ ከላይ የሚመጣው አብዛኛው በመስኖ እንደሚያልቅ ለ23ኛው አመኑለት። ነገር ግን የወንዙ ባሕርይ የሚለየው በክረምት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። በውሃው የሚሟሟ ነገር ደግሞ ግድብ አያቆመውም አሉ። መተሐራ ዳር እየሰፋ መንገድና ሐዲድ ያሸሸውን ጨዋማውን የበሰቃን ሐይቅም አነሡ፤ ውሃው ወደ አዋሽ ሲለቀቅ በታች ያለው ገበሬ ጨውነቱን በማሳው ላይ ያየዋል። 23ኛው ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

25ኛው ከአሳይታ ነበር። አጭር ነው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከገደሉ በታች አዋሽ እንደሚታይ፤ እናቱ በልጅነቷ ከወንዙ በቀጥታ ትቀዳ እንደነበር፤ ዛሬ ግን ለልጆቿ ከዚያ እንደማታጠጣ ነገረን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለአዋሽ ልጅም ሠራ ብሎ ዘጋው። አንድም ሰው ለዚህ መልስ አልጻፈለትም፤ እኔም አልጻፍኩም፤ ምን እንደምል ጠፋኝ።

26ኛውና 27ኛው ስለ ሃይሊ ጉቢ ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ተራራው ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ አልፎም ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ። የዓለም ዜና የበረራ መሰረዝን ሲቆጥር፣ አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ አመድ የለበሰ ሣር ፊት ቆሞ ነበር። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ከሰመራ ወዲያ ያለውን ሁኔታ ከክልሉ የቱሪዝም ሰዎችና ከአካባቢው መሪ ሳይጠይቅ እንዳይንቀሳቀስ ሁለቱም አጥብቀው አሳሰቡ። ኤርታ አሌ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

28ኛው ስለ ፕሮሶፒስ ጻፈ። በረሃውን ያለማል ተብሎ የመጣው ይህ እሾሃማ ዛፍ ከአሚባራ እስከ ገዋኔ ያለውን የግጦሽ መሬት ወርሶታል፤ አፋሮች ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል። ፍየል ፍሬውን በልታ በበጠጧ ዘሩን ትበትነዋለች፤ ሣሩ ከሥሩ ይጠፋል፤ ከብቱም የሜዳ አህያውም የሚግጠው ያጣል። ሾፌራችን በ29ኛው ተመልሶ፣ ከአስፋልት ወርዶ መኪና ሲያቆም አራት ጎማ በአንድ ቀን የበሳበት ያ እሾህ እንደነበረ አስታወሰ።

በ30ኛው መምህርቷ ምን እንደወሰንኩ ጠየቀችኝ። 31ኛው የእኔ ነው። ዳሎልንና ኤርታ አሌን ለሌላ ዓመት አቆይተናቸዋል። አምስቱን ቀን በወንዙ ላይ እናውላለን፦ አንድ ሌሊት አዋሽ፤ ንጋት ላይ ሃላይደጌ፤ ቀጥሎ በቀን ብርሃን ገዋኔና ሚሌ፤ ሎግያ ላይ የሒሳብ ሠራተኛው ወንድም ይጠብቀናል፤ ከዚያ አሳይታ። አቤ ሐይቅ ድረስ መሄድ አለመሄዳችንን አሳይታ ላይ ሰው ጠይቀን እንወስናለን። 32ኛው ይህ ጉዞ ሳይሆን ዘመድ ጥየቃ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ኤርታ አሌን ሳያዩ መመለስ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነው። እርሱ እንደዚያ ይሂድ፤ እኔ ግን ውሳኔዬን አልለውጥም። ሾፌሩ በ33ኛው ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር ውሃ እንድንይዝ፣ ከዚያ ላይ ለመኪናው አንድ ጀሪካን እንድንጨምር አዘዘ።

34ኛው እንደገና ከአሳይታ መጣ። ስጦታ እንዳንሸከም ለመነን፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። እናቱ ወንዙ ከየት እንደሚመጣ አይታ ስለማታውቅ፣ የድልድዩን ፎቶ እንዳመጣላት።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት ቀበና ድልድይ ወረድኩ። በጋ ስለሆነ ውሃው ቀጭን ነው፤ ግራጫ ሆኖ በድንጋዮቹ መካከል ይሄዳል። አንድ ሰማያዊ ፌስታል ድንጋይ ይዞት ይወዛወዛል። ከዳር አንዲት ሴት ጎመን ታጠጣለች። ፎቶውን ሳነሣ ፌስታሉን ከሥዕሉ ውስጥ ላስወጣው ካሜራዬን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ከዚያ መለስኩትና ከነፌስታሉ አነሣሁት። በወረቀት አሳትሜ እወስድላታለሁ።